«መድኃኒቱን ለምን ተወው?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የአእምሮ ሕመም መድኃኒትን ይመለከታሉ። ከጻፉልን መካከል የሚበዙት እናቶች፣ እህቶችና የትዳር አጋሮች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ተጠቃሎ ሲታይ «መድኃኒቱን ለምን ተወው? ምንስ እናድርግ?» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የአእምሮ ሕመም ካለባቸው 4 ሰዎች 3ቱ ሕክምና አያገኙም። ከተማችን ፈለገ ሕይወትንና ጥበበ ግዮንን የመሰሉ ሆስፒታሎች ስላሏት አገልግሎቱ አለ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ወረፋው ረጅም፣ ባለሙያው ጥቂት ነው፤ ታማሚው ኪኒኑን ይዞ ይወጣል፣ ማብራሪያው እዚያው ይቀራል። እኛ አጥብቀን የምናምነው መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ በቂ ምክንያት እንዳለው ነው። ምክንያቱን ያልጠየቀ፣ ቤተሰብም ይሁን ባለሙያ፣ ሊረዳው አይችልም።

ከዚህ በታች የጠቀስናቸው መጠኖች ከሐኪማችሁ ጋር ስትነጋገሩ እንዲያግዟችሁ ነው እንጂ በራሳችሁ እንድትቀይሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። «ሰዎች ይከታተሉኛል» ብሎ ከቤት አልወጣ ሲል ሆስፒታል ወሰድነው። ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ታዘዘለት። በ3ኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። በመርፌ ተስተካከለለት። አሁን ደግሞ ተቀምጦ ቡና መጠጣት አልቻለም፤ ሲነሣ ሲቀመጥ፣ ሲንጎራደድ ይውላል። ኪኒኑን ከምላሱ ሥር ደብቆ እንደሚተፋው ደረስንበት። እናቴ ፈጭታ ሽሮው ውስጥ ልትጨምርለት ትፈልጋለች። ታድርግ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሽሮው ውስጥ አይጨመርም። ለምን እንደማይጨመር ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ መጀመሪያ ወንድምሽ ለምን እንደሚተፋው እንይ።

ሃሎፔሪዶል የሚሠራው አንጎል ውስጥ ያለውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል በመግታት ነው። የጥርጣሬውንና የሚሰማውን ድምፅ የሚያበርደውም ይኸው ሥራው ነው። ይሁን እንጂ ዶፓሚን የጡንቻን እንቅስቃሴም ስለሚያስተካክል መድኃኒቱ እዚያም ይደርሳል። የአንገት መጣመም፣ የዓይን መሰቀልና የምላስ ወይም የመንጋጋ መያዝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ በተጀመረ ከሰዓታት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በብዛት የሚታየውም በወጣት ወንዶች ላይ ነው። ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ሆኖም በመርፌ ወይም አርቴን በሚባለው ኪኒን ቶሎ ይለቃል፣ ጠባሳም አይተውም። ትንፋሹ ድምፅ እያወጣ የሚታነቅ ከሆነ ግን ጉሮሮው ተይዟልና ደቂቃ ሳይባክን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

አሁን ያለው መንቆራጠጥ ከዚያ የተለየ ነው። ከውስጥ የሚገፋ፣ እግርን የማያሳርፍ፣ ቆሞ እንኳ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚያስረግጥ ስሜት ነው። የደረሰባቸው ሰዎች ከሕመሙ ይልቅ ይህ ይከብዳል ይላሉ፤ ኪኒኑን መትፋቱ አያስደንቅም። ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው፦ ቤተሰቡ ክሊኒክ ሄዶ «ብሶበታል፣ አላርፍ ብሏል» ሲል ባለሙያው ሕመሙ የጨመረ መስሎት የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ መንቆራጠጡም የባሰ ይሆናል። ስለዚህ አነጋገራችሁ ወሳኝ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀን፣ መጠኑንና እረፍት ማጣቱ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ወንድምሽን አስፈቅደሽ ሲንጎራደድ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ ቅረጪ። «መድኃኒቱ ከተጀመረ ወዲህ የመጣ ነው» በሉ። እሱንም «ሰውነትህ ውስጥ አላሳርፍ የሚልህ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እፎይታ የተቀላቀለበት «አዎ» ነው።

ባለሙያው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። በቀን 10 ሚሊግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመመ ወጣት ብዙ ነው፤ ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም በአብዛኛው ይበቃል። መጠኑን መቀነስ ካልሠራ ሪስፔሪዶንን ወደመሰለ ሌላ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን መቀየር ይቻላል። ፕሮፕራኖሎል 10 ሚሊግራም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ መንቆራጠጡን ያበርዳል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። አርቴን ለአንገት መጣመም፣ ለመንቀጥቀጥና ለሰውነት መገተር ጥሩ ነው፤ ለዚህ ለእረፍት ማጣቱ የሚፈይደው ጥቂት ነው። አርቴንን ማታ መውሰድ እንቅልፍ ይነሣል። ሲበዛ ደግሞ ያዘነጋል፣ ሽንት ይይዛል። ስለዚህ «ከመድኃኒቱ ጋር ለዘለዓለም የሚሄድ ነው» ተብሎ ዓመታት መቀጠል የለበትም።

አሁን ወደ ሽሮው። በምግብ የተደበቀ መድኃኒት አንድ ቀን ይታወቃል። «ሰዎች ሊጎዱኝ ነው» ለሚል ሰው ይህ ማረጋገጫ ይሆንበታል፤ ከዚያ በኋላ ከእናቱ እጅ ምግብ አይበላም። ምን ያህል እንደወሰደም አይታወቅም፤ ግማሹ ትሪ ላይ ይቀራል። የጎንዮሽ ጉዳት ሲመጣበትም መድኃኒት መውሰዱን የማያውቅ ሰው ከምን እንደመጣ ሊናገር አይችልም።

መድኃኒቱን ማቆምስ? በ2012 የፈረንጆች ዓመት በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ስኪዞፍሬኒያ (ጥርጣሬና ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት የሚታይበት ከባድ የአእምሮ ሕመም) ካለባቸው ሰዎች መካከል መድኃኒቱን ከቀጠሉት በ1 ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 27 ከመቶ ሲሆኑ ካቆሙት ግን 64 ከመቶ ናቸው። የሚያታልለው ደግሞ ሕመሙ ባቆሙ ማግስት የማይመለስ መሆኑ ነው። ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ደህና ይኮናል። መንቆራጠጡ ስለሚጠፋም «ድሮም መድኃኒቱ ነበር የጎዳኝ» ማለት ይመጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ወንድምሽ ሊቋቋመው የሚችለው መድኃኒትና መጠን ነው። እሱ ከተገኘና በየቀኑ መዋጥ ካስቸገረው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ መቀመጫ ላይ ጠልቆ የሚወጋው፣ ለሳምንታት የሚሠራው ሞዲኬት የተባለ መርፌ አማራጭ ነው። መንቆራጠጡ ሳይረጋ መርፌውን መጀመር ግን አንመክርም፤ ኪኒን ዛሬ ቢያቆሙት ነገ ይቀንሳል፣ የተወጋ መርፌ ግን አይመለስም።

አንድ ነገር አደራ። ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ ላብና ግራ መጋባት በአንድ ላይ ከመጡ መድኃኒቱን አቁሙና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። በእኛ አካባቢ ትኩሳት ሁሉ ወባ ይባላል። የወባ ምርመራው ይደረግ፤ የሰውነቱን መገተርና የሚወስደውን መድኃኒት ግን ሳትናገሩ አትቅሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለ2 ዓመት በየወሩ ሞዲኬት እየተወጋች፣ ማታ ክሎርፕሮማዚን 100 ሚሊግራም እየወሰደች ደህና ሆናለች። ዘንድሮ ሦስት ሱባዔ ጸበል መጠመቅ ትፈልጋለች። እዚያ ያሉ ሰዎች «መድኃኒቱን ሳትተዪ ጸበሉ አይሠራም» አሏት። እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ መሃል ላይ መቆም አያስፈልግዎትም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ጸበል መጠጣትም ሆነ መጠመቅ የመድኃኒቱን ሥራ የሚያጠፋበት መንገድ የለም። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብለው የሚያስተምሩ አባቶች ብዙ ናቸው። የባለቤትዎን የንስሐ አባት ከጉዞው በፊት ያነጋግሯቸው፤ የእሳቸው አንድ ቃል እዚያ ካሉት ሰዎች ወሬ ይበልጥ ይሰማል።

ጉዞውን በመርፌው ቀጠሮ ላይ ያቅዱት። ከመሄዷ በፊት ባለው ሳምንት ከተወጋች 21ዱ ቀን በሙሉ ይሸፈናል፤ ቀጣዩ ቀጠሮ የሚውለው ከተመለሰች በኋላ ነው። ለክሊኒኩ ስለ ጉዞው ይናገሩ፤ ቀኑን በጥቂት ማስተካከል ይቻላል። ማታ የምትወስደውን ኪኒን ለ25 ቀን የሚበቃ ያስይዟት፤ 4ቱ ቀን መንገድ ቢዘጋ ነው። የሚወሰደው ማታ ከእህል በኋላ ስለሆነ ከጠዋቱ ጥምቀትም ከጾሙም አይጋጭም።

ክሎርፕሮማዚን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። በጠራራ ፀሐይ ተራ ስትጠብቅ ነጠላዋን ፊቷና ክንዷ ላይ ታድርግ፤ አለዚያ በአንድ ቀን ውስጥ ቆዳዋ ሊቃጠል ይችላል። የደም ግፊትንም ስለሚቀንስ ከተኛችበት ወይም ከተንበረከከችበት ስትነሣ ቀስ ትበል፤ ባዶ ሆድና ቀዝቃዛ ውኃ ሲጨመርበት ራስ አዙሮ የሚጥላቸው አሉ። መጣሏን «መንፈሱ ጣላት» የሚል አይጠፋም። እግሯን ከፍ አድርጎ ማስተኛትና ውኃ ማጠጣት ነው።

ማሰርና መግረፍ ካለበት ቦታ አይውሰዷት። እንቅልፍ አጥታ 2 ሌሊት ካደረች፣ ወይም ለብቻዋ ማውራት ከጀመረች ሱባዔው እስኪያልቅ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከመጠን በላይ የሚግልበት፣ አንዴ በድብርት የሚወድቅበት ሕመም) ስላለብኝ ሊቲየም እወስዳለሁ፤ ጠዋት 300፣ ማታ 600 ሚሊግራም። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፤ በሰሙነ ሕማማት መጨረሻ አክፍሎትም አስቤያለሁ። ፋርማሲስቷ «ተጠንቀቅ» አለችኝ እንጂ ከምን እንደሆነ አልነገረችኝም። (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ፋርማሲስቷ ልክ ናት። በሊቲየም ጉዳይ የሚጠቅመውና የሚመርዘው መጠን የተቀራረቡ ናቸው። ደም ውስጥ እንዲሆን የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ 1.5 ሲደርስ መመረዝ ይጀምራል። የሚያስወጣው ኩላሊት ብቻ ነው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያንሰው ኩላሊት ጨውን ላለማባከን ሲል ሊቲየሙንም አብሮ ይይዛል፤ ሳይጨምሩ የጨመሩ ያህል ይሆናል። የባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ላብ የሚያስወጣ ስለሆነ ችግሩ ይብሳል።

ስለዚህ አክፍሎቱን አይሞክሩት። ከዓርብ እስከ እሑድ ሌሊት ያለ ውኃ መቆየት ለእርስዎ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው። ለታመመ ሰው ጾም ይቀልለታልና ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙትንም ቢሆን ውኃ ይጠጡበት፤ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር። ሥጋና ወተት መተው ምንም አይጎዳም፤ የወጡን ጨው በድንገት መቀነስ ግን ይጎዳል። ሁለቱን ኪኒን ወደ ማታ ማጠቃለል ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለብዙዎች ይቻላል። በረመዳን ለሚጾሙ አንባቢዎቻችንም ይኸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል ስላለበት ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ አይጀመርም።

ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት መጠኑን በደም ያስለኩ። ደሙ የሚወሰደው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው፦ ማታ 3 ሰዓት ከወሰዱ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የጠዋቱን ኪኒን ሳይውጡ። ውጠው ከሄዱ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል፣ ሐኪሙም ያለምክንያት ይቀንስብዎታል። ምርመራውን የሚሠራው ላቦራቶሪ የት እንደሆነ ክሊኒኩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ለወገብና ለራስ ሕመም አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ሁለቱም ሊቲየሙን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል። ፓራሲታሞል ችግር የለውም። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ኢናላፕሪል ሊያዝልዎት የመጣ ሐኪም ካለ ሊቲየም እንደሚወስዱ ይንገሩት። ተቅማጥና ትውከት ከያዘዎት ሊቲየሙን ለጊዜው ያቁሙና በዚያው ቀን ይታዩ። እጅ ብርጭቆ መያዝ እስኪያቅተው ከተንቀጠቀጠ፣ አካሄድ እንደ ሰካራም ከሆነ፣ ምላስ ከተሳሰረ ነገ አይባልም።

ጥያቄ፦ ባጃጅ እነዳለሁ። ከሰዓት በኋላ እየቃምኩ እሠራለሁ፤ ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ አንድ ሁለት ቢራ ጠጥቼ ዲያዞፓም ባለ 5 ሚሊግራሙን 2 እወስዳለሁ። 8 ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ላቆም ብዬ በ3ኛው ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። ሱስ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሰውነትህ መድኃኒቱን ለምዶታል። ዲያዞፓም ለእንቅልፍ ወይም ለጭንቀት ሲታዘዝ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው ልኩ። ከዚያ በላይ ሲቀጥል አንጎል ራሱን የሚያረጋጋበትን ሥራ ለኪኒኑ ይተዋል፤ ኪኒኑ በድንገት ሲቀር ያየኸው ይመጣል። በድንገት ማቆም ሰውነትን አንዘፍዝፎ ሊጥል ይችላል፤ መሪ ይዘህ ይህ ቢመጣብህ ያንተም የተሳፋሪዎችህም ሕይወት ነው። ስለዚህ አታቁም፣ ቀንስ።

የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ሄደህ የምትቀንስበትን መርሐ ግብር አሠራ። በመሠረቱ በየ2 ሳምንቱ የኪኒን ሩብ (1.25 ሚሊግራም) መቀነስ ነው። ከ10 ተነሥቶ 8.75፣ 7.5፣ 6.25 እያለ ይወርዳል፤ 4 ወር ገደማ ይፈጃል። የመጨረሻዎቹ ሩቦች ከመጀመሪያዎቹ ይከብዳሉ፤ እዚያ ላይ 3 ወይም 4 ሳምንት ብትቆይ ምንም አይደለም። ወደ ኋላ ተመልሶ መጨመር ግን ሥራውን ያፈርሳል። ኪኒኑ መሃሉ ላይ ባለው መስመር በቀላሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ሩቡን በምላጭ ቁረጥ፣ ትንሽ ቢዛነፍ አትጨነቅ።

ቢራውን ዛሬውኑ አውጣው። አልኮልና ዲያዞፓም ተደራርበው እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ ሰው ተኝቶ የሚቀረው እንዲህ ነው። ቢራው ከአንድ ሁለት አልፎ በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ከሆነ ግን አልኮልም በድንገት ሲቆም የራሱን ሕመም ስለሚያመጣ ለባለሙያው እውነቱን ንገር።

ችግሩ የሚጀምረው ከጫቱ ነው። ጫት የሚያነቃው ካቲኖን በተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ የተቃመ እስከ እኩለ ሌሊት ያቆያል። ሰዓቱን ከ6 ሰዓት ቀን በፊት ከወሰንከው፣ ከዚያም በየሳምንቱ መጠኑን ከቀነስከው፣ ከኪኒኑ ግማሹ ምክንያት በራሱ ይወድቃል። ጫቱንና ዲያዞፓሙን በአንድ ሳምንት አቆማለሁ አትበል፤ ብዙዎችን የሚጥላቸው ይህ ነው። ኪኒኑን ያለ ማዘዣ የሚሸጥልህ ሰው ውለታ እየዋለልህ አይደለም፤ ዲያዞፓም በልዩ ማዘዣ ወረቀት የሚወጣው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ካርባማዜፒን (ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር የሚታዘዘውን ኪኒን) 200 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ እወስዳለሁ፤ በክንዴ ላይ የወሊድ መከላከያ አለኝ። ጓደኛዬ «አብረው አይሄዱም» ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሳይነገራቸው ያረገዙ ብዙ ሴቶች ስላሉም ጥያቄሽን በደስታ ተቀብለነዋል። ካርባማዜፒን ጉበትን ያነቃዋል፣ የነቃው ጉበት ደግሞ በክንድ የተቀበረውም ሆነ በኪኒን የሚወሰደው የሆርሞን መከላከያ ሳይሠራ አፈራርሶ ያስወጣዋል። ክንድሽ ላይ ያለው ጊዜው ሳያልፍ እርግዝና ሊፈጠር ይችላል። መዳብ ያለው ሉፕ ግን በሆርሞን ስለማይሠራ ካርባማዜፒን አይነካውም። በየ3 ወሩ የሚወጋው መርፌም አቅሙን አያጣም። እስክትቀይሪ ድረስ ኮንዶም ጨምሩ፤ ካርባማዜፒኑን ሐኪም ቢያቆምልሽ እንኳ ጉበቱ ወደነበረበት እስኪመለስ 4 ሳምንት ይፈጃል። የተለመደው የፖስትፒል መጠንም አይበቃም፤ ከግንኙነቱ በኋላ እስከ 5 ቀን ውስጥ ሉፕ ማስገባት ይሻላል።

ማርገዝ ከፈለግሽ ለሐኪምሽ አስቀድመሽ ንገሪ። ፎሊክ አሲድ 5 ሚሊግራም በየቀኑ ከእርግዝናው በፊት ይጀመራል። ሳታስቢው ካረገዝሽም በድንጋጤ ኪኒኑን አታቁሚ፤ በዚያው ሳምንት ታዪ። ካርባማዜፒኑ ይቀየር ቢባልና ቫልፕሮኤት ቢታዘዝልሽ «ልወልድ እችላለሁ» ብለሽ አስቁሚው። በቫልፕሮኤት ላይ ከተፀነሱ 10 ሕፃናት 1ዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፤ ከ10 ከ3 እስከ 4ቱ ደግሞ በአእምሮ እድገት ይዘገያሉ። በእኛ እምነት ይህን መድኃኒት መውለድ ለምትችል ሴት ሌላ አማራጭ ሳይሞከር ማዘዝ አይገባም።

ጥያቄ፦ የ20 ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ፔዳ ግቢ። ለድብርት ፍሎክሰቲን 20 ሚሊግራም ታዝዞልኝ 10 ቀን ሆነኝ። ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም ለውጥ የለም። ለፈተና እንቅፋት እንዳይሆን ላቁመው?

መልስ፦ አታቁሚው፣ ልጃችን። ፍሎክሰቲን ጉዳቱ ቀድሞ ጥቅሙ ዘግይቶ የሚመጣ መድኃኒት ነው። ማቅለሽለሹ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ ጠዋት ቁርስ በልተሽ ውሰጂው። ማታ ከወሰድሽው እንቅልፍ ይነሣል። ስሜት መሻሻል የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉው የሚታየው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚመለሱት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ናቸው፤ ደስታ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በ6ኛው ሳምንት ምንም ከሌለ መጠኑ ሊጨመር ይችላል። ደህና ከሆንሽ በኋላም ከ6 እስከ 9 ወር ይቀጥላል።

በአንቺ ዕድሜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቅበጥበጥና ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ሊጨምር ይችላል። ከዶርም ጓደኞችሽ አንዷ ይህን ታውቅ፤ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። ከዚህ በፊት ቀናት ሙሉ ሳትተኚ ድካም ሳይሰማሽ፣ ገንዘብሽን እየበተንሽ የቆየሽበት ጊዜ ካለ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ባይፖላር ከሆነ ይህ መድኃኒት ለብቻው አይሰጥም። ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል አትውሰጂ፤ ከፍሎክሰቲን ጋር ሲገናኝ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን የ2 ወር ተሰጥቷታል። አንዳንዴ «ብሞት ይሻለኛል» ትላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናታችን፣ ኪኒኑን ዛሬውኑ ከእጇ ይውሰዱና ይቆልፉበት፤ ማታ ማታ የዕለቱን ብቻ ይስጧት። ይህ መድኃኒት ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳል። ነገ አብረዋት ክሊኒክ ሄደው የተናገረችውን በእሷው ቃል ይንገሩ፤ የሳምንት የሳምንቱ እንዲሰጥ ወይም ወደ ፍሎክሰቲን እንዲቀየር ይጠይቁ። «ራስሽን ልትጎጂ ታስቢያለሽ ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ለብቻዋ የተሸከመችውን እንድታወርድ ያደርጋታል። «አዎ፣ እንዴት እንደማደርገውም አውቃለሁ» ካለች ለብቻዋ አይተዉአት፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ቤት ውስጥ የእህል ወይም የእርሻ መድኃኒት ካለ እሱም ይውጣ።

ጥያቄ፦ የታዘዘልኝ መድኃኒት ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ይጠፋል። ጎረቤቴ የሚወስደው «ተመሳሳይ ነው» ይላል። መበደር እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። 2 ሚሊግራም ሃሎፔሪዶል ከ100 ሚሊግራም ክሎርፕሮማዚን ጋር ይቀራረባል፤ ቁጥሩን አይቶ የሚቀይር ሰው ወይ ሃምሳ እጥፍ ያንሰዋል ወይ ይበዛበታል። መፍትሔው ኪኒኑ ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው መነሣት ነው። ባዶውን ስትሪፕ፣ ካርድዎንና ማዘዣውን ይዘው ይሂዱ። ማዘዣው በመድኃኒቱ ዋና ስም እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ በፋብሪካ ስም ብቻ ከተጻፈ ያው መድኃኒት በሌላ ስም መደርደሪያ ላይ እያለ «የለም» ይባላሉ። ከተማ ውስጥ ካልተገኘ መልሰው ወደ ክሊኒኩ ይሂዱና ባለሙያው ራሱ ይቀይርልዎት። የጤና መድን አባል ከሆኑ ከውጭ ከመግዛትዎ በፊት ለመድኑ ክፍል ያሳውቁ። ከገበያ፣ ከሻንጣ ነጋዴ፣ ስትሪፑ ተቆርጦ የሚያበቃበት ቀን ካልታየ አይግዙ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥርና ከመስኮት ፀሐይ ያርቁት።

ጥያቄ፦ ታንኳ እየቀዘፍኩ ዓሣ አጠምዳለሁ። የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ፌኖባርቢታል 100 ሚሊግራም ማታ እወስዳለሁ። ካልጣለኝ 5 ወር ሆነኝ። ዳንኩ ማለት ነው?

መልስ፦ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ማቆም የሚታሰበው ቢያንስ 2 ዓመት ሳይጥል ከቆየ በኋላ ነው፤ ያኔም በሐኪም፣ በወራት ውስጥ ቀስ እየተባለ። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቆም ሳያባራ ደጋግሞ የሚጥል ሕመም ያመጣል።

እስከዚያ ብቻዎን ታንኳ ላይ አይውጡ፤ ጎንበስ ብለው መረብ ሲስቡ ከጣለዎት ከፍታ የሌለው ታንኳ አይይዝዎትም። ከሌሎች ጋር በጀልባ፣ ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰው ይሥሩ፤ ወይም መረብ መጠገኑንና ዓሣ መቦጨቁን ይያዙ። እንቅልፍ ያጡበት ሌሊት ማግስት ሐይቅ ላይ አይውሉ፤ እንቅልፍ ማጣት ከሚቀሰቅሱት ዋነኛው ነው። አብረውዎት ለሚሠሩ አሳዩአቸው፦ ውኃ ውስጥ ከጣለዎት ፊትዎን ከውኃ በላይ ይዘው መንዘፍዘፉ እስኪቆም ይደግፉ፣ ከዚያ አውጥተው በጎን ያስተኙ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ጥርስ መፈልቀቅ፣ እጅ መጠምዘዝ አይጠቅምም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቁ ከደገመ ወደ ጤና ተቋም። ውኃ ከጠጡ ደግሞ ደህና ቢመስሉም ሳንባዎ ይታይ።